ውጭ ሆኖ ፓስፖርት ማውጣትና ማሳደስ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ደጅ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር። ጠዋት ጠዋት አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ያወጡና «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ስማልኝ» ይሉኛል። ከጅዳ፣ ከቤሩት፣ ከዱባይ ወይም ከሚኒሶታ የተላከ ድምፅ ነው። አነጋገሩ ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው፤ ፓስፖርቴ ሊያልቅብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

በየቀኑ አንዱን ነገር ከምደጋግም ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። እኔ ኤምባሲ አልሠራም፤ ጉዳይ አስፈጻሚም አይደለሁም። ፎርም ስሞላና ወረቀት ሳባዛ ዓመታት ስላለፉ ግን የት የት ጋ ሰው እንደሚደናቀፍ አይቻለሁ።

ልጄ ውጭ ናት። ፓስፖርቷን እኔ ጎንደር ሆኜ ላሳድስላት?

አይሆንም፣ እማማ። ፓስፖርት የሚጠየቀው ባለቤቷ ባለችበት አገር፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ነው። ፎቶው የእሷ፣ ፊርማው የእሷ፣ አሻራም ሲጠየቅ የእሷ ነው።

ግራ የሚያጋባው አንድ ነገር አለ። ማመልከቻውን ኤምባሲው ይቀበላል እንጂ ደብተሩን እዚያው አያትመውም። ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይላካል፣ አዲስ አበባ ተሠርቶ ይመለሳል። ይህን የሰማ ቤተሰብ «ታዲያ አዲስ አበባ ከሆነ እኔ ሄጄ ላምጣላት» ይላል። አንድ አባት ይህንኑ ብለው ትኬት ሊቆርጡ ሲሉ እዚህ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ነው ያስቀረኋቸው። ቤተሰብ የሚረዳው ከጎንደር በሚወጣ ወረቀት ነው፤ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የትኛው ኤምባሲ ነው የኔ?

የምትኖሩበትን ክልል የሚሸፍነው። ሳዑዲ ውስጥ ሪያድ ኤምባሲ፣ ጅዳ ቆንስላ አለ። ኤምሬትስ አቡ ዳቢና ዱባይ። ሊባኖስ ቤሩት። አሜሪካ ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስና ሚኒሶታ ሴንት ፖል። ጀርመን በርሊንና ፍራንክፈርት። እስራኤል ቴል አቪቭ። ኤምባሲ የሌለበት አገር ካላችሁ ደግሞ አገራችሁን ደርቦ የሚያገለግል የጎረቤት ኤምባሲ ይኖራል። ቅርብ የሚመስለው ሁሉ የእናንተ አይደለምና ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ።

ስትደውሉ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ኤምባሲ የአገሩንም የኛንም በዓል ይዘጋል። በጥምቀት ቀን ደውሎ «ስልክ አያነሱም» ብሎ የሚማረር ጎንደሬ አጋጥሞኛል፤ እሱ ራሱ እዚህ ቢሆን ኖሮ ጥምቀተ ባሕር ነበር የሚውለው። ሁለተኛ፣ «ሦስት ሰዓት ና» ሲሏችሁ በሀበሻ ነው በፈረንጅ ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት የተባለች ልጅ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሄዳ በር ተዘግቶ ጠብቋታል።

ማሳደስ ሲባል አሮጌው ላይ ማኅተም ይመታበታል?

ድሮ ነው እሱ። ድሮ ጊዜው ይራዘምና በእጅ ይጻፍበት ነበር። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት በማሽን የማይነበብ ፓስፖርት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከኖቬምበር 24 ቀን 2015 በኋላ አይሠራም። አሁን «አሳደስኩ» ስንል አዲስ ደብተር፣ አዲስ ቁጥር ማለታችን ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ቺፕ ያለው ኢ-ፓስፖርት ተጀምሯል። የአሮጌው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ቺፕ የለውም ብሎ መሸበር አያስፈልግም።

ቁጥሩ መቀየሩ ግን ጣጣ አለው። ሳዑዲ ያላችሁ አዲሱን የፓስፖርት ቁጥር ከኢቃማችሁ (ከመኖሪያ ፈቃዳችሁ) ጋር ማያያዝ አለባችሁ፤ ቤት ሠራተኛ ከሆናችሁ ያንን አብሸር በሚባለው የሳዑዲ መንግሥት የኦንላይን አገልግሎት ላይ የሚሠራው «ከፊል» የሚባለው አሠሪያችሁ ነው። ፓስፖርቱን ተቀብሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ብቻ አይበቃም።

መቼ ልጀምር?

አንድ ዓመት ሲቀረው አስቡበት፤ ስምንት ወር ሲቀረው ግቡበት። ብዙ አገርና ብዙ አየር መንገድ ስድስት ወር ያልቀረውን ፓስፖርት አይቀበልም። ስለዚህ ደብተሩ ላይ የተጻፈው ቀን እውነተኛው ቀን አይደለም፤ ስድስት ወር ቀንሱለት። ለጥምቀት ጎንደር እገባለሁ ብላችሁ በኅዳር ብትጀምሩ፣ ጥምቀትን በቪዲዮ ነው የምታዩት።

ምን ምን ወረቀት ልያዝ?

ዝርዝሩ ከኤምባሲ ኤምባሲ ይለያል፤ የራሳችሁን ኤምባሲ ገጽ እዩ። የማይቀሩት ግን አሮጌው ፓስፖርት ከነኮፒው፣ ያላችሁበት አገር የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ (ኢቃማ፣ ግሪን ካርድ፣ ምንም ይሁን)፣ ፎቶና የክፍያ ማስረጃ ናቸው። በፖስታ የሚቀበል ኤምባሲ ከሆነ ደግሞ አድራሻችሁ የተጻፈበት፣ ክፍያው የተከፈለና መከታተያ ቁጥር ያለው የመልስ ፖስታ አብራችሁ ታስገባላችሁ። የመከታተያ ቁጥሩን ፎቶ አንሱት። እሱ ከሌለ ፖስታው የት እንደደረሰ የሚነግራችሁ የለም።

ስሜን እንዴት ነው የምጽፈው? «በኬ ነው በኪው?»

ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ክፍያውና ወረፋው ዕዳው ገብስ ነው፤ ፊደሉ ነው ነገር የሚያመጣው።

በእኛ ፊደል ስም አንድ ነው። በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ግን «ቀ» አንዴ በኬ (K)፣ አንዴ በኪው (Q) ይሆናል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በሦስት ዓይነት ፊደል የጻፉ እህትማማቾች አውቃለሁ። «ወልደ»ና «ገብረ» ያለበት ስም አንዴ ተነጣጥሎ አንዴ ተያይዞ ይጻፋል። ለእኛ ያው ስም ነው። ለማሽኑ ግን ሁለት ሰው ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። እህቴ ቤሩት ናት፤ ፎርሟን ኦንላይን የሞላሁላት እኔ ነኝ። የአባታችን ስም በ«ቀ» ይጀምራል። የሷን አሮጌ ፓስፖርት በዋትሳፕ ልካልኛለች፤ ስልኬ ላይ ነበረ፣ ከፍቼ ማየት ብቻ ነበር። አላየሁም። የገዛ አባቴን ስም ምን አስጠየቀኝ ብዬ በኔ መታወቂያ ላይ እንዳለው በኬ ጻፍኩት። የሷ በኪው ነበር። አዲሱ ሲመጣ ከመኖሪያ ፈቃዷ ጋር አልገጥም አለ። እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና ጥበቃ። ለአንድ ፊደል ብላ ከማዳሟ ሁለት ቀን ፈቃድ ለምናለች። እስካሁን ስንጣላ «ኬ» ትለኛለች።

ስለዚህ እንዴት መጻፍ እንዳለበት አትፈላሰፉ። አሮጌው ላይ እንዴት እንዳለ አይታችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ ስህተት ቢመስላችሁም። ከታች ያሉትን ሁለት ረጃጅም መስመሮችም አንብቡ፤ ማሽኑ የሚያነበው እነሱን ነው። እውነት ስህተት ኖሮበት ይታረምልኝ ካላችሁ ያ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ማስረጃ ይፈልጋል። ስም መለወጥ ደግሞ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። በዝምታ ፎርም ላይ «አስተካክዬ» ልለፍ አይባልም።

ያገባችሁ ሴቶችም እንዲሁ። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም፤ ስሟ፣ የአባቷ፣ የአያቷ ነው። ውጭ አግብታችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ላይ የባል ስም ከገባ ሁለቱ ሰነድ ይጋጫል። የጋብቻ ሰርተፍኬቱን ይዛችሁ ቅረቡና አስረዱ።

የልደት ቀኔስ? በኛ ልጻፍ በፈረንጅ?

ፓስፖርት ላይ የሚወጣው በፈረንጅ ነው። የቀበሌው ወረቀት ላይ በኛ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ጭቅጭቁ የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

ብዙ ሰው «ስምንት ጨምርበት» ይላል። ሁልጊዜ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ የሚጨመረው ሰባት ነው። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ነው ስምንት የሚሆነው። ኅዳር 12 ቀን 1985 የተወለደ ኖቬምበር 21 ቀን 1992 ነው። በዚያው ዓመት በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 የተወለደው ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 1993። ሁለቱም «የ85 ልጅ» ናቸው፤ የፈረንጁ ዓመት ግን ይለያያል።

ቀኑም እንዲሁ ይንሸራተታል። ጥር 11 ቀን 1984 ጃንዋሪ 19 ሳይሆን ጃንዋሪ 20 ቀን 1992 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች። ጳጉሜን ላይ የተወለዳችሁማ ጉዳችሁ ነው፤ ፎርሙ ላይ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም። ጳጉሜን 3 ቀን 1985፣ በሩፋኤል ዕለት የተወለደች ልጅ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1993 ናት። በጣት አትቁጠሩት፤ ስልክ ላይ መቀየሪያ አፕ ሞልቷል።

ይህ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያወጣ ነው። ለሚያሳድስ ሕጉ እንደ ስሙ ነው፤ አሮጌው ላይ ያለውን ቀን ገልብጡ። ወደ ዓረብ አገር ሲወጡ ደላላ ዕድሜ ጨምሮባቸው የሄዱ ልጆች አሉ፤ እዚህ ከቀበሌ የልደት ሰርተፍኬት ሲወጣላቸው እውነተኛው ቀን ይመጣና ሁለቱ አይገናኝም። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱን ከማስላካችሁ በፊት ቆንስላውን አማክሩ። የሚጋጭ ሰነድ ገብቶ ከተያዘ ለማስረዳት ብዙ ላብ ይጠይቃል።

ፎቶውስ?

ነጭ ጀርባ፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ ፊት፣ ያለ ፊልተር። ነጭ ነጠላ አጣፍታችሁ ነጭ ግድግዳ ላይ አትነሱ፤ ጭንቅላት ብቻ ተንሳፍፎ ይወጣል። በሃይማኖት ምክንያት ፀጉራችሁን የምትሸፍኑ ከሆነ ፊታችሁ ከግንባር እስከ አገጭ ይታይ። የፋሲል ግንብ ከጀርባ ያለበት ፎቶ ልካ «ይሄ ያምራል» ያለችኝ ልጅ ነበረች። ያምራል፣ ግን አይሆንም።

ስንት ያስከፍላል? «ሰው አለኝ» የሚለውስ?

አገር ቤት የመደበኛው ፓስፖርት ክፍያ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል፤ በአምስት ቀን ለሚወጣው 20,000፣ በሁለት ቀን ለሚወጣው 25,000 ብር። እነዚህ ቁጥሮች ግን አገር ቤት ላለ ሰው ናቸው። ኤምባሲዎች በየአገሩ ገንዘብ የራሳቸው ተመን አላቸውና እናት «እዚህ 5,000 ነው ይላሉ፣ አንቺን ለምን ያን ያህል?» ብላ ልጇን አትቆጣ።

«ሰው አለኝ፣ በሳምንት አስወጣልሻለሁ» የሚለውን ግን ተጠንቀቁ። አሠራሩን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ፓስፖርትሽን በቴሌግራም ላኪ ይላል፤ ግማሹን ገንዘብ በእናትሽ በኩል አስገቢ ይላል፤ ከዚያ «ሲስተም የለም» ይጀመራል፤ ከዚያ ስልኩ አይሠራም። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ የፓስፖርታችሁ ኮፒ፣ ፎቶና ፊርማ እሱ ጋ መቅረቱ ሌላ ነገር ነው። ኦንላይን መሙላት ካቃታችሁ የምታምኑት ሰው ይሙላላችሁ፣ ክፍያው ግን ኤምባሲው በነገራችሁ መንገድ ብቻ ይሁን።

ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው፤ አልሰጥም አለችኝ።

የመጀመሪያው ነገር፣ ፓስፖርቱ የእናንተ ነው። ሁለተኛው፣ ኮፒው እጃችሁ ላይ ወይም እዚህ ቤተሰብ ስልክ ላይ ካለ ግማሹ መንገድ ተሄዷል፤ ቁጥሩ ከታወቀ ቆንስላው መዝገባችሁን ማግኘት ይቀለዋል። ወደ ውጭ ገና ያልወጣችሁ ልጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ዋናውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ለእናታችሁ፣ ለእህታችሁም ላኩ። አንድ ስልክ ይጠፋል።

ከቤት የወጣች ልጅ ከሆነች ብቻዋን ከመንቀሳቀሷ በፊት ለቆንስላው ትደውል። በየአገሩ የመኖሪያ ሕጉ ይለያያል፤ አንዱ ጋ የሠራ ምክር ሌላው ጋ ሊያሳስር ይችላል። ደብተሩ እውነት የጠፋ ወይም የተሰረቀ ከሆነ ግን ባላችሁበት አገር የፖሊስ ሪፖርት ያስፈልጋል። ማዳም ጋ ያለውን «ጠፋ» ብሎ ማመልከት አያዋጣም፤ ነገ ብቅ ይላል።

ፓስፖርት ሳይኖረኝ ወደ አገሬ መግባት ብፈልግስ?

ሊሴ ፓሴ የሚባል አለ። ኤምባሲው የሚሰጠው ወደ ኢትዮጵያ ብቻ የሚያስገባ የጉዞ ሰነድ ነው። ለመመለስ አይሆንም። ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን የሚያሳይ ነገር ትጠየቃላችሁ፤ አሮጌ ኮፒ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ሰርተፍኬት። እዚህ ላይ ነው የጎንደር ቤተሰብ ጥቅሙ።

በሚያዝያ 2015 ሱዳን ጦርነት ሲነሳ ከካርቱም በመተማ በኩል ሰነዳቸውን ጥለው የገቡ ሰዎችም ይጠይቁኛል። እናንተ አሁን አገር ቤት ናችሁ። እንደ ማንኛውም ነዋሪ እዚሁ አገር ውስጥ ነው የምታመለክቱት፤ የኤምባሲው መንገድ አይመለከታችሁም።

ጥገኝነት ጠይቄያለሁ። ኤምባሲ ልሂድ?

ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ አትሂዱ። ከአገሬ መንግሥት ሸሸሁ ብሎ አመልክቶ በዚያው መንግሥት ኤምባሲ ፓስፖርት ማሳደስ ጉዳዩን ሊያበላሽ ይችላል። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው የሚኖርበት አገር የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ሊሰጠው ይችላል።

የሌላ አገር ዜግነት ወስጃለሁ፤ የኢትዮጵያውንም ላሳድስ?

አይቻልም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱ ይቀራል። ጥምር ዜግነት የለንም። «ማንም አያውቅም» ብለው ሁለቱንም ይዘው የሚመላለሱ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ለእናንተ ያለው ቢጫ ካርድ ነው፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ። በሱ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ትኖራላችሁ፣ ትሠራላችሁ። ለማውጣት ቀድሞ ኢትዮጵያዊ እንደነበራችሁ ማሳየት ስላለባችሁ አሮጌውን ፓስፖርት ፈልጉት። እናት ሣጥን ውስጥ ይገኛል።

ልጄ እዚህ ውጭ ነው የተወለደው።

ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁም በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ እናትም አባትም እኩል ይቆጠራሉ። የተወለደበትን አገር የልደት ሰርተፍኬት ይዛችሁ ኤምባሲ አስመዝግቡት። የሁለቱም ወላጅ ፓስፖርትና ፈቃድ ይጠየቃል፤ አንዱ ሌላ አገር ካለ ስምምነቱን የሚገልጽ ወረቀት ቀድማችሁ አዘጋጁ። ስሙን ስትጽፉም፣ አያቱ ጎንደር በሚጠሩት ሳይሆን አባቱ ፓስፖርት ላይ ባለው ፊደል።

እኛ ጎንደር ያለን ምን እንላክ?

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የልደት ሰርተፍኬት ነው፤ አንዳንዴ ያላገባ ማስረጃ። የሚጀመረው ከቀበሌ ነው። ልጁ ውጭ ስላለ ወላጅ ያልሆነ ሰው እንዲያወጣለት ከተፈለገ ውክልና ይጠየቃል። ውክልናውን ልጁ ኤምባሲ ቀርቦ ይፈርማል፣ ዋናው ወረቀት ይላካል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ነው እዚህ የሚሠራው። በዋትሳፕ የመጣ የውክልና ፎቶ ይዘው የሚመጡ አሉ። ማባዛት አባዛዋለሁ፤ ቢሮ ግን ዋናውን ነው የሚጠይቃችሁ።

ከጎንደር ወደ ውጭ የሚሄደው ሰነድም ያው ነው፤ ማኅተም በማኅተም ላይ ይደረባል፣ የመጨረሻው የውጭ ጉዳይ ነው። ሰርተፍኬቱን ከቢሮው ሳትወጡ መስኮቱ ሥር ቆማችሁ አንብቡት። የልጅቱ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ ቀኑ። የፓስፖርቷን ኮፒ በሌላ እጃችሁ ይዛችሁ አመሳክሩ። ቤት ገብታችሁ ያያችሁት ስህተት ሌላ ወረፋ ነው። ላሚኔት አታስደርጉት፤ በላስቲክ ላይ ማኅተም አይመታም።

ፓስፖርቱ ደረሰኝ። አሁንስ?

ከመደሰታችሁ በፊት አንብቡት። ስም፣ ቀን፣ ፆታ፣ የትውልድ ቦታ። ፊርማችሁን አኑሩበት። አሮጌውን አትጣሉት፤ ውስጡ ጊዜው ያላለፈ ቪዛ ካለ ከአዲሱ ጋር አብሮ ይታያል፤ ቪዛ ባይኖረውም የድሮ ቁጥራችሁ ማስረጃ ነው። ከዚያ ዋናውን ገጽ ፎቶ አንሱና ወደ ቤት ላኩ። እኔ ጋ የሚመጡ አንዲት እናት የሦስት ልጆቻቸውን ኮፒ አሳትመው በፕላስቲክ ፋይል አድርገው፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። ባለፈው አንዷ ከጅዳ ደውላ ቁጥሬ ጠፋኝ ስትል በሁለት ደቂቃ አነበቡላት። ማንበብ አይችሉም እኮ፤ የጎረቤት ልጅ ጠርተው ነው።